የኋላው ወንበር

በ1998 ዓ.ም. ከባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ በመምህርነት የተመረቅን ልጆች በሦስት ዓመት ዲግሪ ይዘው ከወጡት የመጀመሪያዎቹ ነን። ከእኛ በፊት የነበሩት አራት ዓመት ይማሩ ነበር። በ1996 ሥራ ላይ የዋለው የመምህራን ትምህርት ለውጥ፣ ሁላችንም «ቴሶ» የምንለው፣ አንዱን ዓመት ቀንሶ ፕራክቲከሙን አበዛው። በከተማው ትምህርት ቤቶች እየዞርን የነባር መምህራንን ክፍል አይተናል፣ በቡድን ሆነን አስተምረናል፣ ሪፖርት ጽፈናል። ብዙ ጠቅሞናል። ነገር ግን በፕራክቲከም ጊዜ ክፍሉ የሌላ ሰው ነው። ውጤት ሮስተር ላይ የሚሞላው፣ ወላጅ ጠርቶ የሚያነጋግረው፣ ሰኞ ጠዋት ተመልሶ እዚያው ክፍል የሚገባው ሌላ ሰው ነው። የመምህርነት ክብደቱ ደግሞ ያለው እዚያ ላይ ነው።

ምደባው በዕጣ ነበር። መጀመሪያ ክልል በዕጣ ይደርሰናል፤ ከዚያ ክልሉ ለዞን፣ ዞኑ ለወረዳ ያከፋፍለናል። ለእኔ አማራ ክልል ወጣልኝ፤ ሲወርድ ሲወርድ ሰሜን ሸዋ፣ መንዝ ላይ ቆመ። ሦስቱንም ዓመት ከእኔ ጋር አንድ ዶርም የኖረችው ጓደኛዬ፣ እሷም የሒሳብ ተመራቂ፣ ሌላ ክልል ደረሳት፤ አገሩ ቆላ ነው። ዕጣ ያወጣን ዕለት «አንቺን ለብርድ፣ እኔን ለሐሩር» ብላ አቀፈችኝ። የእሷን ነገር ኋላ እመለስበታለሁ። ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያደረገችኝም እሷ ናት።

ከደብረ ብርሃን ወጥቶ ጣርማ በር ላይ ከደሴው መንገድ የሚገነጠለው መንገድ ወደ መንዝ ይወስዳል። አገሩ አብዛኛው ከባሕር ወለል በላይ 3,000 ሜትር ገደማና ከዚያም በላይ ነው። ገብስ ይበቅልበታል፣ በግ ይረባበታል፣ ነፋሱ አያርፍም፣ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ውርጭ ያድራል። እኔ ያደግሁት ወይና ደጋ ነው። መስከረም 1999 ላይ ሻንጣዬን ይዤ ስወርድ ቀድማ ያነጋገረችኝ የተመደብኩበት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የባዮሎጂ መምህርት ነበረች። በመላው ትምህርት ቤት ከነበሩት ጥቂት ሴት መምህራን አንዷ ናት። ዕቃዬን አይታ፣ «እቱ፣ ይቺን ብርድ ልብስ ይዘሽ ነው መንዝ የመጣሽው?» አለችኝ። በሚቀጥለው የገበያ ቀን ይዛኝ ወጣችና፣ መንዞች ከበግ ፀጉር የሚሠሩትን ባና ተከራክራ ገዛችልኝ። እሷ በተከራየችበት ግቢ ባዶ ክፍል ስለነበር ባለቤቶቹን አነጋግራ እዚያው አስገባችኝ። የመጀመሪያ ደመወዜ እስኪደርስ ድረስ የበላሁት ከእሷ ሞሰብ ነው።

ተማሪዎቻችን ብዙዎቹ የገጠር ልጆች ነበሩ። ከተማው ውስጥ ጠባብ ክፍል ለብዙ ሆነው ይከራዩና ዓርብ ከሰዓት ወደ ቤታቸው በእግራቸው ሄደው፣ እሑድ ማታ በሶና ድርቆሽ ቋጥረው ይመለሳሉ። ዘጠነኛ ክፍል ሲገቡ ከአማርኛ በቀር ትምህርቱ ሁሉ በእንግሊዝኛ ይሆናል። ለሁለተኛ ደረጃ የተቀመጠው መለኪያ በአንድ ክፍል 40 ተማሪ ነው። እኔ በምገባባቸው ክፍሎች ግን አንድ ዴስክ ላይ አራት እየሆኑ የተቀመጡ 70 እና ከዚያ በላይ ልጆች ነበሩ። ከኋላ ያሉት ገሚሶቹ ወንዶች ዕድሜያቸው ከእኔ ብዙም አይርቅም።

ከዚያ ፕላዝማው አለ። በ1997 የተጀመረው የሳተላይት ትምህርት ያኔ በየሁለተኛ ደረጃው ገብቶ ነበር፤ ሒሳቡም፣ ሳይንሱም፣ እንግሊዝኛውም፣ ሲቪክሱም በቴሌቪዥን ነው። ፕሮግራሙ የተሠራው ደቡብ አፍሪካ ነው። ከ40 ደቂቃው ወደ 30 የሚጠጋውን ይወስዳል፤ ለመምህሩ መግቢያና መውጫ ላይ ጥቂት ደቂቃ ይቀርለታል። ስክሪኑ ላይ ያለው አስተማሪ ጥያቄ ይጠይቃል፣ ሰዓት ይሰጣል፣ ሰዓቱ ሲያልቅ መልሱን ተናግሮ ያልፋል። ልጆቹ ጥያቄውን ጽፈው ሳይጨርሱ መልሱ አልፏል። እኔ ከጎን ቆሜ ዓይኖቻቸውን አያለሁ። ላቆመው አልችልም፤ ሥርጭቱ ለመላው አገር በአንድ ሰዓት ነው የሚሄደው። መብራት የጠፋ ቀን ደግሞ ክፍሉ በአንድ ጊዜ የእኔ ይሆናል፤ ትናንትና ከትናንት በስቲያ ያላለቀውን ሁሉ በዚያች ሰዓት ለማስረዳት እሮጣለሁ።

ስለ ፕላዝማ ብዙ ተብሏል፤ ጠቀሜታም ነበረው፤ መጽሐፍ በሌለበት ላቦራቶሪ ያሳየ ነገር ነው። እኔ የምናገረው አዲስ መምህር ላይ ያደረገውን ነው። መምህር በመጀመሪያ ዓመቱ የሚያገኛት ትንሽ ደስታ አለች፦ አንድ ልጅ ያልገባው ነገር በአንተ አፍ ሲገባው ማየት። የሚያቆየን እሷ ናት። ፕላዝማው የወሰደብኝ እሷን ነበር። ድካሙ ሁሉ እንዳለ ሆኖ ደመወዙ የተቀነሰብኝ ያህል ነው።

ሥራው ደግሞ በዚያ አያበቃም። አዲስ መምህር በሄደበት ሁሉ ነባሮቹ የሸሹት ይጠብቀዋል። የሚያስቸግሩት ሴክሽኖች፣ የመጨረሻዎቹ ፔሬዶች፣ የሆምሩም ኃላፊነት፣ የፀረ ኤድስ ክበብ፣ ሚኒ ሚዲያ፣ የበዓል ዝግጅት ኮሚቴ፣ ሁሉም «ወጣት ነሽ፣ ጉልበት አለሽ» ተብሎ ይሰጣል። የሳምንቱ የትምህርት ዕቅድ ዓርብ ይፈረማል። ተከታታይ ምዘና ስላለ በየጊዜው የምትፈትኚው፣ የምታርሚው፣ የምትመዘግቢው አለ። 70 ልጅ ያለበትን ክፍል በስንት ሴክሽን ማባዛት ነው። ማታ በሻማ የማርመው ወረቀት ሳያልቅ እንቅልፍ ይጥለኛል።

ታኅሣሥ ላይ ድምፄ ተዘጋ። ጉንፋን ነው ብዬ ነበር፤ ጉንፋኑ ሲለቀኝ ድምፄ ተመለሰ፣ እኔ ግን አልተመለስኩም። ተኝቼ ስነሳ ድካሙ እንዳለ አለ። እሑድ ከሰዓት በኋላ ሆዴን ይቆርጠኛል። ተማሪዎቹን በስም መጥራት ትቼ በቁጥር መጥራት ጀመርኩ፤ «32፣ ተነሥ»። ሬዲዮ ላይ ዜና እንደሚያነብ ሰው ያዘጋጀሁትን ብቻ ተናግሬ እወጣለሁ። ከሁሉ የባሰው ግን፣ ብሠራም ባልሠራም ለውጥ የለውም የሚለው ስሜት ነበር።

ከብዙ ዓመት በኋላ ነው አሜሪካዊቷ የሥነ ልቦና ተመራማሪ ክርስቲና ማስላክ የጻፈችውን ያነበብኩት። የሥራ መዛልን በሦስት ምልክቶች ትገልጸዋለች፦ ኃይል መሟጠጥ፣ ከምታገለግላቸው ሰዎች መራቅና ልብ ማቀዝቀዝ፣ የምሠራው ከንቱ ነው ማለት። ሦስቱም መንዝ ላይ በዚያው ቅደም ተከተል መጥተውብኛል። የዓለም የጤና ድርጅትም በ2011 ዓ.ም. ነገሩን ሲመዘግብ በሽታ አላለውም፤ በሥራ ቦታ ከሚገኝና በአግባቡ ካልተያዘ ሥር የሰደደ ጭንቀት የሚመጣ ሁኔታ ነው ያለው። ይህ ልዩነት ለእኔ ትልቅ ነው። መፍትሔውን ከመምህሩ ደረት ውስጥ አውጥቶ ትምህርት ቤቱ ግቢ ውስጥ ያስቀምጠዋልና።

ያኔ ግን የማውቀው የለም። ያዳኑኝ የታሪክ መምህሩ ናቸው። ዕድሜያቸው ከሃምሳ ያለፈ፣ ቁመታቸው አጠር ያለ፣ ጋቢያቸውን ከኮታቸው በላይ ደርበው የሚመጡ ሰው ነበሩ፤ ትንሽ ትልቁ «ጋሼ» ይላቸዋል። ደብረ ብርሃን መምህራን ማሠልጠኛ ተምረው አንደኛ ደረጃ አስተማሩ፤ በ1971 የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲታወጅ ገጠር ወርደው ገበሬ አስተማሩ፤ ዲግሪያቸውን በክረምት ትምህርት እየተመላለሱ ነው የያዙት። ከእኔ ጋር በአንድ ዲፓርትመንት አይደሉም፣ አማካሪዬም ተብለው አልተመደቡም።

አንድ ቀን በዕረፍት ሰዓት መምህራን ማረፊያ ሳልገባ ፔዳጎጂካል ሴንተሩ ጥግ ተቀምጬ አገኙኝ። እንዴት ነሽ አላሉኝም። ምን ሆንሽም አላሉም። «የትኛው ክፍል ነው የሚከብድሽ?» አሉኝ። ነገርኳቸው። «ነገ አምስተኛ ፔሬድ ባዶ ነኝ። እመጣለሁ» ብለው ሄዱ።

ይህን ጥያቄ ደጋግሜ አስቤዋለሁ። እንዴት ነሽ ተብላ «ደኅና ነኝ፣ ተመስገን» የማትል ኢትዮጵያዊት የለችም። እንኳን ሥራ ከብዶኝ፣ ሰው ሞቶብኝ እንኳ መጀመሪያ የምመልሰው ያንኑ ነው። የትኛው ክፍል ይከብድሻል የሚል ሰው ግን ክብደት መኖሩን አስቀድሞ አምኗል፤ የማፍርበትን ነገር ከላዬ አንሥቶ የት እንዳለ ብቻ ነው የሚጠይቀኝ። እኔም ዛሬ አዲስ መምህር ሳገኝ የምጠይቀው በዚሁ ቃል ነው።

በማግስቱ መጡ። ከልጆቹ ጋር ኋላ ዴስክ ላይ ጋቢያቸውን ሰብስበው ተቀመጡ። እስክሪብቶም ወረቀትም አልያዙም። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልበል፦ በእኛ ትምህርት ቤቶች ሰው መምህር ክፍል ኋላ የሚቀመጠው ሊመዝን ነው። ሱፐርቫይዘሩ ቅጽ ይዞ ይመጣል፣ ርዕሰ መምህሩ ቅጽ ይዞ ይመጣል፣ የሥራ አፈጻጸም ነጥብ አለ፣ ነጥቡ ከደረጃ ዕድገት ጋር ይያያዛል። ስለዚህ በሩ ሲንኳኳ መምህሩ መምህር መሆኑን ትቶ ተፈታኝ ይሆናል። ጋሼ ነጥብ የመስጠት ሥልጣን አልነበራቸውም። ሥልጣን የሌለው ዓይን እንደዚያ እንደሚያሳርፍ ያወቅሁት ያን ቀን ነው።

ፔሬዱ ሲያልቅ በረንዳው ላይ ሁለት ነገር ነገሩኝ። አንደኛው፣ በመስኮቱ በኩል ያሉት ሁለት ረድፎች ፀሐይ ስክሪኑ ላይ ስለምታርፍ ምንም አያዩም፤ የሚረብሹትም እነሱ ናቸው። ሁለተኛው፣ ኋላ የተቀመጡት ልጃገረዶች ትምህርቱ ገብቷቸዋል፣ ግን ጮኸው አይናገሩም፤ ከመውጣትሽ በፊት ደብተራቸውን ጎንበስ ብለሽ እይው። በቃ። ስለ ትዕግሥት፣ ስለ ሙያ ክብር፣ ስለ መስዋዕትነት አንድ ቃል አልተናገሩም። «ነገ ደግሞ የእኔን ነይና እይ» አሉና ሻይ ጋበዙኝ።

በመስኮቱ ላይ ማዳበሪያ ጆንያ ሰቀልን። የልጃገረዶቹን ደብተር አየሁ፤ እውነታቸውን ነው፣ ገብቷቸዋል። ያቺ ታኅሣሥ ላይ የጠፋችብኝ ትንሽ ደስታ የተመለሰችው በእነሱ ደብተር ነው።

የእሳቸውንም ክፍል አየሁ። ሠላሳ ዓመት ገደማ ያስተማሩ ሰው የዐድዋን ዘመቻ ሲያስተምሩ ክፍሉ ጸጥ ይላል ብዬ ጠብቄ ነበር፤ እሳቸውም ክፍል ውስጥ የሚያወራ ነበር፣ የሚተኛም ነበር። ያን ማየት ከምክር ሁሉ በለጠብኝ። የነባር መምህርን ክፍል አዲስ መምህር ማየት ያለበት ፍጹም ስለሆነ አይደለም። አምሳ ልጅ ሲከተልና ሃያው ሲቀር ሰውዬው እንዴት ሳይናደዱ እንደሚቀጥሉ፣ ለሃያው ነገ እንዴት እንደሚመለሱ ለማየት ነው።

የቀሩት ረዳቶቼ በሌላ በሌላ መንገድ መጡ። የሒሳብ ዲፓርትመንት ተጠሪያችን ዝምተኛ ሰው ነው፤ ሰላምታው እንኳ አጭር ነው። የጋሼን መምጣት ሰምቶ ይሁን በራሱ አላውቅም፣ ሦስታችንን የዘጠነኛና የአሥረኛ ክፍል ሒሳብ መምህራን በሳምንት አንድ ቀን ጠዋት ይሰበስበን ጀመር። የፕላዝማውን የመምህር መምሪያ ዘርግተን የሚመጣው ሳምንት ትምህርት ምን እንደሆነ አስቀድመን እናያለን። ልጆቹን የሚጥሏቸውን የእንግሊዝኛ ቃላት እናወጣለን፤ በመግቢያዋ አምስት ደቂቃ እነዚያን ብቻ በአማርኛ እንነግራቸዋለን። መልመጃውን አንዳችን እናዘጋጃለን፣ በስቴንስል ይባዛል፣ ሦስታችንም እንጠቀምበታለን። ሦስት ሰው በየቤቱ ሦስት ጊዜ የሚሠራው ሥራ አንድ ጊዜ ሆነ። ተጠሪው ስለ መተባበር የተናገረው ነገር ትዝ አይለኝም፤ ትዝ የሚለኝ ማታዬ እንደተመለሰልኝ ነው።

የባዮሎጂ መምህርቷ ደግሞ እምቢ ማለትን አስተማረችኝ። ሕፃን አዝላ የምታርም ሴት ናት፤ ጊዜ ምን እንደሆነ ታውቃለች። የክበቦቹን ዝርዝር አይታ፣ «አንዱን ምረጪ። ሌላውን ሄደሽ በሚቀጥለው ዓመት በይ» አለችኝ። ብቻዬን ብሄድ አልናገረውም ነበር። አብራኝ ምክትል ርዕሰ መምህሩ ቢሮ ገባችና ጎኔ ቆመች፤ የተናገርኩት እኔ ነኝ። ፀረ ኤድስ ክበቡን ያዝኩ፣ ሌላው ተነሣልኝ። እንዲህ ቀላል ነው እንዴ ብላችሁ አትደነቁ። አዲስ ሰው፣ ያውም ሴት፣ ያውም በሙከራ ቅጥር ላይ ያለች፣ ብቻዋን ሲሆን ቀላል አይደለም።

ከእሷ የወረስኩት ሌላ ሥርዓት አለ፤ ቅዳሜ ከቀትር በኋላ ደብተር አይከፈትም። ልብስ ይታጠባል፣ ፀጉር ይሠራል፣ ቡና ይፈላል። የቀረው እርማት ለሰኞ ይቆያል። በፈተና ሰሞን ግን እሷ ቤት ተሰብስበን አንድ ላይ ነው የምናርመው። እኔ የእሷን ምርጫ ጥያቄዎች አርማለሁ፣ እሷ የእኔን ትደምርልኛለች፣ ሕፃኑ መሐላችን ይተኛል። ሮስተር ሲሞላ አንዱ ያነባል፣ አንዱ ይጽፋል፣ ሦስተኛው ደረጃ ያወጣል። ሮስተር ብቻውን የሞላ መምህር ምን ማለት እንደሆነ ያውቀዋል፤ አንድ መስመር ዘልለህ የሞላኸው እንደሆነ እስከ ታች ድረስ የሌላ ሰው ልጅ ውጤት ነው።

መምህራን ማረፊያው ውስጥ ደግሞ ሁለት ጠረጴዛ ነበር። በአንዱ ላይ የሚቀመጡት ልጆቹን ይረግማሉ፤ «እነዚህ አይማሩም፣ ለማን ብለሽ ነው» ይሉኛል። ክፉ ሰዎች አልነበሩም። ከመሐላቸው አንዱ የደመወዝ ብድር የሚጠየቅ፣ ለጋስ ሰው ነው። ግን ከዚያ ጠረጴዛ በተነሣሁ ቁጥር ቀጣዩ ክፍል ይከብደኛል። ሁለተኛው ጠረጴዛ ላይም ምሬት ነበር። ደመወዙ፣ ዕድገቱ፣ ጠመኔው ሳይቀር ይነሣል። ልዩነቱ እዚያ ምሬቱ መጨረሻ ላይ የሚሠራ ነገር ይወጣዋል፦ ዕቁብ ይጣላል፣ ለወረዳው ጽሕፈት ቤት ደብዳቤ ይረቀቃል፣ የታመመ ሰው ፔሬድ ይሸፈናል። አዲስ መምህር ምሬትን አይሽሽ፤ ምሬት የሌለበት መምህራን ማረፊያ አላየሁም። ምሬቱ ወዴት እንደሚሄድ ግን አይቶ ይቀመጥ።

አሁን ወደ ጓደኛዬ ልመለስ።

ከእኔ የምትሻል መምህር ነበረች። ይህን ትሕትና ለማሳየት አልልም። ፕራክቲከም ላይ ስታስተምር እኛም ሒሳቡን እንደ አዲስ እንሰማው ነበር። የሄደችበት ትምህርት ቤት ተማሪው የእኔን ያህል ብዙ ነው፤ ፕላዝማው ያው ነው፤ ሙቀቱ የእኔን ብርድ ያህል ይከብዳል። አማካሪ ተመድቦላታል። አማካሪዋ ሙሉ ፔሬድ የያዘ፣ ማታ ደግሞ የማታ ተማሪዎችን የሚያስተምር ሰው ነው፤ ፖርትፎሊዮዋን ይፈርምላታል እንጂ ክፍሏ አንድም ቀን አልገባም። አልወቅሰውም፤ በየትኛው ሰዓቱ ይገባ ነበር? የቤት አከራይዋ ግቢ ውስጥ ብቸኛዋ መምህር እሷ ናት። ቴሌ ሄዳ ስትደውልልኝ በመጀመሪያ ስለ ተማሪዎቿ ትነግረኝ ነበር፤ ቀጥላ ስለ ፎርሙ፣ ስለ ስብሰባው፤ በመጨረሻ ስለ ሙቀቱ ብቻ። በሁለተኛው ሴሚስተር መሐል ሻንጣዋን ይዛ ወላጆቿ ቤት ገባች። ዛሬ ባንክ ትሠራለች። ደኅና ናት፣ ተመስገን፤ ልጆችም አሏት። የሒሳብ መምህር ግን አይደለችም፤ እዚያ ቆላ ላይ ያሉ ልጆችም የሒሳብ መምህራቸውን አጡ።

የእኔና የእሷን ዓመት ጎን ለጎን ሳስቀምጥ ሌላ ልዩነት አላገኝም። በጽናት አልበለጥኳትም። ሥልጠናችን አንድ፣ ደመወዛችን አንድ፣ ፕላዝማችን አንድ። እኔ ባዶ ፔሬዳቸውን የሰጡኝ ሰው፣ መልመጃ የሚካፈል ተጠሪና ቢሮ ድረስ አብራኝ የምትገባ ሴት ነበሩኝ፤ እሷ አልነበሯትም። ለዚህ ነው «መምህርነት ፍቅር ይጠይቃል» የሚለው ንግግር በየምርቃቱ ሲነገር የሚያመኝ። ፍቅሩማ ነበራት።

መመሪያችን ይህን አያውቅም እንዳይባል ያውቀዋል። ለጀማሪ መምህራን የሁለት ዓመት የሙያ ትውውቅ ፕሮግራም አለ፤ አማካሪ እንዲመደብላቸው ይላል። በ2002 የወጣው የተከታታይ ሙያ ማሻሻያ ማዕቀፍ ደግሞ እያንዳንዱ መምህር በዓመት 60 ሰዓት ለሙያው መሻሻል እንዲያውል ያዛል። 60 ሰዓት ብዙ ነው። ከዚያ ላይ ገሚሱ እንኳ ሁለት መምህራን አንዳቸው የሌላውን ክፍል ለሚያዩበት ቢውል ጋሼ ለእኔ ያደረጉት ነገር የአገር ሥርዓት ይሆን ነበር። በየትምህርት ቤቱ ያየሁት ግን ሰዓቱ ፖርትፎሊዮ ሲደራጅበት፣ ዕቅድ ሲገለበጥበት፣ ለጉብኝት ሲታሰርበት ነው። አማካሪ ይመደባል፤ ለአማካሪው ፔሬድ አይቀነስለትም። ጊዜ ያልተሰጠው አማካሪ ፊርማ ከመስጠት ሌላ ምን ሊሰጥ ይችላል?

ዛሬ የሚገቡት ልጆች ሸክማቸው ከእኛም የከፋ ይመስለኛል። የ2014ቱ የ12ኛ ክፍል ፈተና ውጤት ሲወጣ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጣው 3.3 በመቶው ተፈታኝ ብቻ ነበር፤ በቀጣዩ ዓመትም ከዚያ አልተሻለም። ያን ሰሞን መምህሩ በየታክሲው፣ በየለቅሶ ቤቱ፣ በየሬዲዮው ተጠያቂ ነበር። ተጠያቂነቱን አልሸሽም፤ ድርሻችን አለ። ነገር ግን ትናንት የተቀጠረችው የ22 ዓመት ልጅ፣ ደመወዟ ለቤት ኪራይ የማይበቃ፣ ያን ሁሉ ወቀሳ ይዛ ክፍል ስትገባ ኋላዋ ማንም አለመኖሩ ያስጨንቀኛል። በጦርነት ምክንያት ትምህርት ቤታቸው የተዘጋባቸው፣ ተፈናቅለው ያስተማሩ ባልደረቦቻችንም አሉ፤ የእነሱን ድካም እኔ መንዝ ላይ ካየሁት ጋር ማወዳደር አልችልም።

ጋሼ ጡረታ ወጥተው ጥቂት ዓመት ቆይተው ዐረፉ። ያን ጊዜ ወደ ሌላ ከተማ ተዛውሬ ነበር፤ ለቀብሩ ደረስኩ። ከለቀስተኛው መሐል በሥራ ዘመናቸው የመጀመሪያ ዓመት ላይ ክፍላቸው ኋላ ጋሼ የተቀመጡላቸው መምህራን ስንት እንደነበርን እርስ በርሳችን ስንነጋገር ነው ያወቅነው። አንዱ ርዕሰ መምህር ሆኗል፣ አንዷ ኮሌጅ ታስተምራለች፣ የቀረነው እዚያው ጠመኔው ላይ ነን። ለማናችንም ስለ ሌላው ነግረውን አያውቁም።

ይህን የምታነቡ ርዕሳነ መምህራን፣ በነሐሴ መጨረሻ የክፍለ ጊዜ ድልድል ስትሠሩ አንድ ነገር እለምናችኋለሁ። አዲስ ለሚመጣው መምህር የሚያስቸግሩትን ሴክሽኖች ሁሉ አትስጡት፤ ክበቡም አንድ ይሁን። ከነባሮቹ ደግሞ ሰው የሚወደውን አንዱን መርጣችሁ በሳምንት ሁለት ፔሬድ ቀንሱለትና በእነዚያ ሰዓቶች ያለ ቅጽ ከአዲሱ መምህር ጋር ክፍል ይግባ። በጀት አይጠይቅም። ነባር መምህራን ከሆናችሁ ግን ድልድሉንም ትእዛዙንም አትጠብቁ። ዘንድሮ ከተመደቡላችሁ ልጆች አንዷን የትኛው ክፍል እንደሚከብዳት ጠይቋትና ባዶ ፔሬዳችሁ መቼ እንደሆነ ንገሯት።